መልሶ በሚገነባ ቡድን ውስጥ ደጋፊ ተስፋን ከየት ያገኛል? የወላይታ ድቻ ተሞክሮ

የወላይታ ድቻ እግር ኳስ ክለብ ጨዋታ በሚያደርግበት ቀን የሶዶ ከተማ ውሎ ይለወጣል። ሥራውን ቀደም ብሎ የሚያጠናቅቀው ነጋዴ፣ ቴሌቪዥን ወዳለበት ሻይ ቤት የሚያመራው ወጣት፣ በእርሻው ላይ ሆኖ ውጤቱን በሬዲዮ ወይም በስልክ የሚጠይቀው አርሶ አደር ሁሉ ጆሮው ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ደስታው የጋራ ነው። በተከታታይ ሲሸነፍ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ይህ ቡድን ወዴት እየሄደ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ከክለብ አመራሮችና ከአሰልጣኞች በብዛት የሚሰጠው መልስ «ቡድኑን መልሰን እየገነባን ነው» የሚል ነው። መልሱ በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም የተለመደ ነው። አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የውድቀት መሸፈኛ ሆኖ ያልፋል። ደጋፊው ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ካልቻለ ወይ ያለጊዜው ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ደግሞ ባዶ ተስፋ ይዞ ዓመታትን ይቆጥራል። ይህ ጽሑፍ መልሶ ግንባታ በእግር ኳስ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምልክቶቹ የትኞቹ እንደሆኑና ደጋፊው ምን ሊጠይቅ እንደሚገባው የድቻን ጉዞ መሠረት አድርጎ ያብራራል።

ከብሔራዊ ሊግ እስከ አህጉር መድረክ

ወላይታ ድቻ የተመሠረተው በ2001 ዓ.ም. ነው። «ድቻ» የሚለው ቃል በወላይትኛ ልማትንና ዕድገትን ያመለክታል። ደጋፊዎቹ ቡድኑን «የጦና ንቦች» እያሉ ይጠሩታል። ስያሜው የወላይታ የመጨረሻ ንጉሥ የነበሩትን ካዎ ጦናን ያስታውሳል። ንብ ደግሞ አንዷ ብቻዋን ትንሽ ናት፤ በኅብረት ስትነሣ ግን ትልቁን ታባርራለች። ስሙ ከቡድኑ ታሪክ ጋር የሚስማማበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ክለቡ በተመሠረተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ እየተመራ ከብሔራዊ ሊግ አደገና በ2006 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ መጫወት ጀመረ። በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ መከላከያን በመለያ ምት አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ይህ ድል በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ የመሳተፍ ዕድል አስገኘለት።

በ2010 ዓ.ም. የሆነውን የወላይታ ሕዝብ ዛሬም ያስታውሰዋል። ድቻ በመጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶን ከሜዳው ውጪ 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ በሐዋሳ 1 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። ቀጥሎ የገጠመው የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን አምስት ጊዜ ያሸነፈውን የግብጹን ዛማሌክን ነበር። ድቻ በሐዋሳ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካይሮ ደግሞ በተመሳሳይ ውጤት ተሸነፈ። ጨዋታው ወደ መለያ ምት ሲያመራ 4 ለ 3 አሸንፎ ታላቁን ክለብ ከውድድር አስወጣ። በቀጣዩ ዙር በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ዳሬ ሰላም ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ፣ በሐዋሳ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም በድምር ውጤት ከውድድሩ ተሰናበተ።

ድልና ችግር በአንድ ዓመት

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ክፍል አለ። ድቻ ዛማሌክን ባሸነፈበት በዚያው የውድድር ዘመን በአገር ውስጥ ሊግ መንገዱ ቀና አልነበረም። በዓመቱ መካከል አሰልጣኝ ቀይሯል። መሳይ ተፈሪ ተሰናብተው ቡድኑን ወደ ካይሮ የመሩት ዘነበ ፍስሃ ነበሩ። አንድ ቡድን በአህጉር ደረጃ ታሪክ እየሠራ በሊጉ ደግሞ የታችኛውን የሰንጠረዥ ክፍል ለመራቅ ሊታገል ይችላል ማለት ነው።

ተመሳሳይ ፈተና በ2013 ዓ.ም. ተደገመ። በዚያ ዓመት ቡድኑ ውድድሩን በአሰልጣኝ ደለለኝ ደቻሳ ጀምሮ በመሃል ወደ አሰልጣኝ ዘላለም ሽፈራው ተሸጋገረ። ዓመቱ ሲጠናቀቅ ድቻ በሊጉ ቆየ። እንዲያውም ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካደገበት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2017 የውድድር ዘመን ድረስ አንድ ጊዜም አልወረደም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የተሰረዘውን የ2012 ዓ.ም. ውድድር ጨምሮ ይህ አሥራ ሁለት የውድድር ዘመን ማለት ነው።

የዚህን ትርጉም ለመረዳት ጎረቤትን መመልከት ይጠቅማል። የአርባ ምንጭ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከሊጉ ወርዶ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የተመለሰው ሦስት የውድድር ዘመናትን በከፍተኛ ሊግ ካሳለፈ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወርዶ ለ2017 የውድድር ዘመን ዳግም ተመልሷል። በከፍተኛ ሊግ የሚያልፍ ዓመት ለክለብ ውድ ነው። ጥሩ ተጫዋቾች ይለቃሉ፣ ስፖንሰር ይርቃል፣ ወጣቶች ራሳቸውን የሚያሳዩበት መድረክ ይጠብባል። ስለዚህ አንድ ደካማ ዓመት ሳይወርዱ ማለፍ በራሱ ዋጋ አለው፤ ለቀጣዩ ዓመት ግንባታ መሬቱን ያቆያልና።

መልሶ መገንባትና መተካት አንድ አይደሉም

በእግር ኳስ መልሶ መገንባት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አዳዲስ ተጫዋቾችን ማስፈረም ነው። በኢትዮጵያ ክለቦች ዘንድ የተጫዋቾች ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት በመሆኑ በየክረምቱ የቡድኑ ግማሽ ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ሁኔታ አሰልጣኙ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። ተከላካዩ ከግብ ጠባቂው ጋር ሳይግባባ፣ አማካዩ የአጥቂውን ሩጫ ሳይለምድ የመጀመሪያው ዙር ያልቃል። ሁለተኛው ዙር ላይ መስተካከል ሲጀምር ደግሞ ውል ያበቃል።

ይህ መተካት እንጂ መገንባት አይደለም። ግንባታ የሚባለው ቢያንስ ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ የቡድኑ መሠረት የሚሆኑ ተጫዋቾች ከአንድ ዓመት በላይ አብረው ሲቆዩ። ሁለተኛ፣ የአጨዋወት መንገዱ አሰልጣኝ በተለወጠ ቁጥር ሙሉ በሙሉ የማይፈርስ ሲሆን። ሦስተኛ፣ የሚለቀቀውን ተጫዋች የሚተካ ወጣት ከታች እየተዘጋጀ ሲጠብቅ።

ፈጥኖ የተሠራ ቡድን ፈጥኖ ሊፈርስ እንደሚችል የአገራችን ሊግ ራሱ አሳይቷል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሊጉ ወረደ። ዋንጫ ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ያነሣውን ቡድን ማቆየት ሌላ ነገር ነው።

በተቃራኒው ኢትዮጵያ መድን ለ2015 የውድድር ዘመን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመልሶ፣ በተመለሰ በሦስተኛው የውድድር ዘመን፣ በ2017 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ እየተመራ የሊጉን ዋንጫ አነሣ። በድል ያለፈው የሦስተኛው ዓመት ቡድን የተሠራው በቀደሙት ዓመታት ውስጥ ነው።

ከውጭም ብዙ የአገራችን ተመልካች የሚያውቀው ምሳሌ አለ። የእንግሊዙ አርሰናል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሚኬል አርቴታን ሲሾም ቡድኑ ተዳክሞ ነበር። በዚያ ዓመትም፣ በቀጣዩም ዓመት ስምንተኛ ሆኖ አጠናቀቀ። በርካታ ደጋፊ አሰልጣኙ እንዲባረር ጠየቀ። ክለቡ ግን ታገሠ። በሦስተኛው ዓመት አምስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሁለተኛ ሆነ። ሁለቱ የስምንተኛነት ዓመታት በሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት ቢመስሉም በሁለተኛው ዓመት ወጣቶች መሰለፍ ጀምረው ነበር። ሰንጠረዡ ያንን አያሳይም።

ሰንጠረዡ የማይናገረውን ማንበብ

ታዲያ ሰንጠረዥ ብቻ ካልበቃ ደጋፊው ምን ይመልከት? በእስክሪብቶና በደብተር ሊሠሩ የሚችሉ ቀላል ስሌቶች አሉ።

የመጀመሪያው ጨዋታዎችን አምስት አምስት እያደረጉ መቁጠር ነው። ለምሳሌ ሁለት ቡድኖች ከ15 ጨዋታ በኋላ እያንዳንዳቸው 15 ነጥብ አላቸው እንበል። አንደኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች 3፣ በቀጣዮቹ አምስት 5፣ በመጨረሻዎቹ አምስት 7 ነጥብ ሰበሰበ። ሌላኛው በተገላቢጦሽ 7፣ 5፣ 3 አገኘ። በሰንጠረዡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ግን ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ሌላው እየወረደ ነው። ተስፋ የሚኖረው በመጀመሪያው ቡድን ነው።

ሁለተኛው የሽንፈቱን መጠን መመልከት ነው። አሥር ጨዋታ በአንድ በአንድ ግብ ልዩነት የተሸነፈ ቡድንና አሥር ጨዋታ በሦስት በሦስት ግብ የተሸነፈ ቡድን ከእነዚያ ጨዋታዎች ያገኙት ነጥብ እኩል ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ግን ለማሸነፍ ቅርብ ነው። አንድ የተሻለ አጥቂ፣ አንድ የተረጋጋ ግብ ጠባቂ ወይም በጨዋታ መጨረሻ የሚደክም ጉልበትን የሚያስተካክል ሥልጠና ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል። ለሁለተኛው ቡድን ግን አንድ ተጫዋች አይበቃም።

ሦስተኛው ትንሽ መሻሻል ስንት ነጥብ እንደሚያመጣ ማስላት ነው። 30 ጨዋታ ባለው ውድድር 6 አሸንፎ፣ በ9 አቻ ወጥቶ፣ 15 የተሸነፈ ቡድን 27 ነጥብ ይኖረዋል። ይህ ቡድን በቀጣዩ ዓመት ከሽንፈቶቹ አራቱን ወደ አቻ ቢለውጥ፣ ከአቻዎቹ ደግሞ ሦስቱን ወደ ድል ቢያሸጋግር 9 አሸንፎ፣ በ10 አቻ ወጥቶ፣ 11 ተሸንፎ 37 ነጥብ ላይ ይደርሳል። ከ30 ጨዋታ የተለወጡት ሰባት ብቻ ናቸው፤ የተጨመረው ነጥብ ግን አሥር ነው። ስለዚህ መልሶ የሚገነባ ቡድን ከሁሉ በፊት መከላከሉን ማስተካከሉ ምክንያት አለው። ያልተቆጠረበት ቡድን ቢያንስ አንድ ነጥብ ይዞ ይወጣል።

አራተኛው ከቁጥር ውጪ ያለ ነው። ቡድኑ ግብ ከተቆጠረበት በኋላ ምን ያደርጋል? እርስ በርሱ ይካሰሳል ወይስ ኳሱን ይዞ ይመለሳል? የተቀያሪ ወንበር ላይ ያለው ተጫዋች ሲገባ ሥራውን ያውቃል? የማዕዘን ምት ሲመጣ ማን ማንን እንደሚይዝ ይታወቃል? እነዚህ በልምምድ ሜዳ የተሠራ ሥራ መኖር አለመኖሩን ያሳያሉ።

አንድ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። አሰልጣኝ በተለወጠ ማግሥት የሚመጣ ድል ሁልጊዜ የአዲሱ አሰልጣኝ ሥራ ላይሆን ይችላል። አምስት ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈ ቡድን ከዚያ በኋላ የተሻለ ውጤት ማምጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ መጥፎ ዕድል ለዘለዓለም አይቆይምና። ስለዚህ ለውጡን ለመመዘን ሁለት ሦስት ጨዋታ ሳይሆን አሥር ያህል ጨዋታ መጠበቅ ይሻላል።

ተስፋ ቡድን

በአገራችን የእግር ኳስ ቋንቋ የወጣቶች ቡድን «ተስፋ ቡድን» ይባላል። ስያሜው ትክክለኛ ነው፤ አቅሙ ውስን ለሆነ ክለብ እውነተኛው ተስፋ ያለው እዚያ ነው።

የወላይታ አርሶ አደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እንሰት በአንድ ክረምት አይደርስም። ችግኙ ይፈላል፣ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየተዛወረ ይተከላል፣ በጓሮ ፍግ ይጠበቃል፣ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። ታዲያ ቤተሰብ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንሰቱን ብቻ እየጠበቀ አይራብም። ቦይናው፣ ስኳር ድንቹና በቆሎው በየወቅታቸው እየደረሱ ያሻግሩታል። ክለብም እንዲሁ ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የዘንድሮውን ዓመት ያሻግራሉ፤ ተስፋ ቡድኑ ደግሞ የሚመጡትን ዓመታት ይዞ ይጠብቃል። ዛሬን ብቻ የሚያይ ክለብ ችግኙን ነቅሎ የሚበላ ይሆናል።

ድቻ ወጣት አውጥቶ ለሌሎች ትልልቅ ክለቦች ሲያቀብል ታይቷል። ከድቻ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተዛወረው ቸርነት ጉግሳ አንዱ ምሳሌ ነው። ይህ ደጋፊውን ሁለት ስሜት ውስጥ ያስገባል፤ ኩራትና ቁጭት። ከመልሶ ግንባታ አንጻር ሲታይ ግን ጥያቄው ተጫዋቹ ለምን ሄደ የሚለው ብቻ አይደለም። ሲሄድ ክለቡ ምን አገኘ? በእርሱ ቦታ የሚሰለፍ ወጣት ተዘጋጅቶ ነበር? በዓለም ላይ አነስተኛ በጀት ያላቸው ብዙ ክለቦች የሚኖሩት ወጣት አሳድገው፣ ውሉ ሳያልቅ ሸጠው፣ በገንዘቡ ሌላ ወጣት በማሳደግ ነው። ውሉ ያለቀበት ተጫዋች ግን በነጻ ይሄዳል፤ ለዓመታት የተደከመበት ልፋትም አብሮት ይሄዳል።

ቦዲቲ፣ አረካ፣ ገሱባ፣ በዴሳ፣ ሁምቦና ሌሎችም አካባቢዎች በትምህርት ቤትና በቀበሌ ሜዳዎች ላይ የሚጫወቱ ታዳጊዎች አሏቸው። ከእነርሱ መካከል አንዱ እንኳ ዋናው ቡድን ላይ ሲሰለፍ መላው ወረዳ ቡድኑን እንደ ራሱ ልጅ ያየዋል። የመሬት ጥበት ባለበትና ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ርቆ በሚሄድበት ዞን ይህ መንገድ ክፍት ሆኖ መታየቱ ከስፖርት ያለፈ ትርጉም አለው።

ሜዳው የራቀበት ደጋፊ

ስለ ድቻ ስንናገር ልናልፈው የማንችለው ሌላ ጉዳይ አለ። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ውድድሩን በተመረጡ ከተሞች ተራ በተራ ማካሄድ ጀመረ። በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ የተካሄዱት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበር። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ የጀመሩትም በዚያው ዓመት ነው።

ይህ አሠራር ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ድቻን ከሶዶ ውጪ ያለ የወላይታ ተወላጅ፣ በውጭ አገር የሚኖረውም ጭምር፣ በቴሌቪዥን ሊያየው ቻለ። በሌላ በኩል ቀድሞ ጨዋታ በሶዶ ሲካሄድ የነበረው ድባብ ቀረ። የመግቢያ ትኬት ገቢ ቆመ። ከእንግዳ ቡድንና ከደጋፊዎቹ የሚያገኙት ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ ባጃጆችና አነስተኛ ነጋዴዎች ገበያ አጡ። ቡድኑም የሚታወቀውን የሜዳ ጥቅም አጣ፤ በደጋፊ ጩኸት የሚነሣ ተጫዋች ባዶ በሆነ ወንበር ፊት መጫወትን መማር ነበረበት።

እዚህ ላይ የደጋፊው ሚና ተለወጠ። ጨዋታ ሐዋሳ ላይ ሲሆን ከሶዶ አውቶቡስ ተከራይቶ መሄድ፣ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ላይ ሲሆን ደግሞ በእነዚያ ከተሞች የሚኖሩ ተወላጆች ቦታውን እንዲሞሉ ማስተባበር የድጋፍ ሥራ ሆነ። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ርቀት ለሁለት ሰዓት ጨዋታ መጓዝ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። ይህን የሚያደርግ ደጋፊ ከክለቡ ግልጽ መረጃ የመጠየቅ መብት አለው።

ትዕግሥት ሽፋን እንዳይሆን

አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክለቦች፣ ድቻም ጭምር፣ ከመንግሥት አስተዳደር በሚመደብ በጀትና ከሕዝብ በሚሰበሰብ ድጋፍ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ይህ ማለት ክለቡ ላይ የሚወጣው ብር መንገድ፣ ውኃና ትምህርት ቤት ከሚጠብቅ ሕዝብ የወጣ ነው። ስለዚህ «እየገነባን ነው» የሚለው ቃል በማስረጃ መደገፍ አለበት። ደጋፊው ታጋሽ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ለድክመት መሸሸጊያ እንዲሆን ሊፈቅድ አይገባም።

የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በ2017 የውድድር ዘመን ለተጫዋቾች የሚወጣውን ክፍያ የሚገድብ መመሪያ ሥራ ላይ አውሏል። በመርህ ደረጃ እንዲህ ያለው አሠራር እንደ ድቻ ያሉ ክለቦችን ሊጠቅም ይችላል። ሁሉም ክለብ ያለ ገደብ ማውጣት ካልቻለ ብልጫው የሚመጣው ከገንዘብ መጠን ሳይሆን ተጫዋች ከመምረጥ፣ ከማሳደግና ከማሠልጠን ችሎታ ነው። ይህ ደግሞ በዕውቀትና በጥሩ አመራር የሚገኝ ነው።

በመሆኑም በየውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ደጋፊዎች በማኅበራቸው አማካይነት ለክለቡ ሊያቀርቧቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ባለፈው ዓመት ከተሰለፉት ተጫዋቾች ስንቱ ቀሩ? አዲስ የፈረሙት ለስንት ዓመት ፈረሙ? ከተስፋ ቡድን ስንት ወጣት አደገ፣ ስንት ደቂቃስ ተሰለፈ? አሰልጣኙ የሚመዘነው በምን መለኪያ ነው? ገቢና ወጪው ተመርምሮ ለሕዝብ ተገልጿል? ደመወዝ በወቅቱ ይከፈላል? ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በሙሉ ልቡ ይጫወታል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በየዓመቱ እየተሻሻለ ከሄደ ቡድኑ በሰንጠረዡ ላይ የትም ቢሆን ግንባታው እውነት ነው። መልስ የሚሰጥ ከሌለ ግን ሰባተኛ ሆኖ ማጠናቀቅም አያጽናናም።

ደጋፊውም የራሱ ድርሻ አለው። የአባልነት መዋጮን በወቅቱ መክፈል፣ የክለቡን ትክክለኛ ማልያ መግዛት፣ የታዳጊዎችን ውድድር ሄዶ መመልከት ክለቡን በቀጥታ ይረዳሉ። በዳኛ፣ በተቃራኒ ቡድንና በራስ ተጫዋች ላይ የሚሰነዘር ስድብና ዛቻ ግን ይጎዳል። በሜዳ ሥርዓት ጥሰት የሚመጣ ቅጣት የሚከፈለው ለተጫዋች ሥልጠና ሊውል ይችል ከነበረው ገንዘብ ነው። አንድ የተሳሳተ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከላካይ በማኅበራዊ መገናኛ ሲዘለፍ በቀጣዩ ጨዋታ ኳስ መንካት ይፈራል። ግንባታን የሚደግፍ ሰው ወጣት እንዲሳሳት ጥቂት ቦታ ይተውለታል።

ተስፋው ያለበት ቦታ

ድቻ በ2017 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በ2018 የውድድር ዘመን መግቢያ ዳግም በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ተሳትፏል። ዛማሌክን ካሸነፈበት ዓመት ወዲህ ተጫዋቾቹም አሰልጣኞቹም ተለዋውጠዋል። በእነዚያ ዓመታት መካከል የመውረድ ስጋት ያንዣበበባቸው፣ አሰልጣኝ በመሃል የተሰናበተባቸው፣ ደጋፊው አንገቱን የደፋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ክለቡ ግን በሊጉ ስለቆየ ወደ አህጉር መድረክ የሚመለስበት በር አልተዘጋበትም።

የውድድር ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ከጊፋታ በዓል ብዙም ሳይርቅ ነው። ጊፋታ አሮጌው ተሸኝቶ አዲሱ የሚጀመርበት፣ ቂም በዕርቅ የሚዘጋበት፣ ቤተሰብ የዓመቱን ወጪና ገቢ አስቦ አዲስ ዕቅድ የሚይዝበት ጊዜ ነው። ለእግር ኳስ ደጋፊም ተመሳሳይ ልማድ ይጠቅመዋል። ያለፈውን ዓመት ሽንፈት ቆጥሮ መዝጋት፣ ከዚያ የተማረውን መያዝ፣ ለአዲሱ ዓመት ደግሞ ከምኞት ይልቅ ምልክቶችን መጠበቅ።

መልሶ በሚገነባ ቡድን ውስጥ ተስፋ የሚገኘው «ዘንድሮ ዋንጫ እንበላለን» ከሚል መፈክር አይደለም። ከአምስት ጨዋታ ወደ አምስት ጨዋታ የሚጨምር ነጥብ፣ የሚቀንስ የሽንፈት ልዩነት፣ ከቦዲቲ ወይም ከአረካ መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰለፍ ወጣት፣ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝና ለሕዝብ የሚቀርብ ግልጽ ሒሳብ የተስፋ ምንጮች ናቸው። እነዚህን በደብተሩ እየመዘገበ የሚከታተል ደጋፊ ቡድኑ ሲሸነፍ ለምን እንደተሸነፈ፣ ሲያሸንፍም ድሉ የሚቀጥል መሆን አለመሆኑን ያውቃል።